ጉባኤ በሳይቴሽን ሲመዘን፦ መለኪያውን ማን ለካው?

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ከአገር ቤት ደወለልኝ። በብራና ላይ የተጻፈን የግዕዝ ጽሑፍ ኮምፒዩተር እንዲያነብ የሚያደርግ ሥራ ሠርቷል። ሥራውን አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ነው። የደወለው ግን ስለ ሥራው ሊያጫውተኝ አልነበረም። «ጋሼ፣ ጥናቱን የትኛው ጉባኤ ላይ ላቅርበው?» ነው ያለኝ። አንዱ አማራጭ ስለ ኢትዮጵያ ጥናት የሚዘጋጅ ጉባኤ ነው፤ በብራና ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች ቁጭ ብለው የሚያዳምጡት፣ ሲሳሳት የሚያርሙት እዚያ ነው። ሁለተኛው ስሙን ሰምቼው የማላውቅ፣ በአንድ የእስያ ከተማ ሆቴል ውስጥ የሚካሄድ፣ ለመመዝገብ ብቻ 450 ዶላር የሚያስከፍል «ዓለም አቀፍ» የኮምፒዩተር ጉባኤ ነው። ታዲያ ይሄ ምኑ ያማክራል? ትሉ ይሆናል። ሁለተኛው ጉባኤ በሳይቴሽን ቋት ውስጥ ይቆጠራል፣ የመጀመሪያው አይቆጠርም። የመምህራንን ዕድገት የሚወስነው ኮሚቴ ደግሞ የሚያየው የሚቆጠረውን ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ ያ ስልክ ነው።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ከቁጥር ጋር ጠብ የለኝም። «እውቀት በቁጥር አይለካም» እያሉ ከሚዛን የሚሸሹ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሸሹት ሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጡት ነገር ስለሌላቸው ነው። ነገር ግን ሙያዬ ሌላም ነገር አስተምሮኛል። በቧንቧ ላይ የተተከለ የግፊት ጌጅ ዜሮ ሲያሳይ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ቧንቧው ውስጥ ግፊት የለም፤ ወይ ወደ ጌጁ የሚወስደው ቫልቭ ተዘግቷል። ይህን ሳያጣራ «ግፊት የለም» ብሎ ቧንቧውን የሚፈታ ሰው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል።

ሳይቴሽን የምንለው አንድ ጥናት በሌላ ጥናት የግርጌ ማስታወሻ ወይም የዋቢ ዝርዝር ውስጥ መጠቀሱን ነው። ይህን መዝግቦ የመያዝን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1955 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አቀረበው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ፊላደልፊያ ላይ ባቋቋመው ድርጅት አማካይነትም በ1964 ትልቁን የሳይንስ ማውጫ ማሳተም ጀመረ። ልብ በሉ፤ የጋርፊልድ መነሻ ለሰው ማዕረግ መስጠት አልነበረም። አንድ ተመራማሪ የቆየ ጽሑፍ ሲያነብ፣ ከዚያ ወዲህ ማን እንደተጠቀመበት፣ ማን እንደነቀፈው በቀላሉ እንዲያገኝ ነበር። መፈለጊያ ነበር ማለት ነው። በ1975 የጆርናሎችን «ኢምፓክት ፋክተር» የሚያወጣው ዓመታዊ ዘገባ መታተም ጀመረ፤ በ2004 ስኮፐስና ጉግል ስኮላር መጡ፤ በ2005 ሆርኼ ሂርሽ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ኤች-ኢንዴክስን ጨመረ። መፈለጊያው ቀስ በቀስ የደረጃ መስጫ ሆኖ አረፈው።

ጉባኤዎች እዚህ ሚዛን ላይ የወጡት ዘግይተው ነው። በሕክምናም ሆነ በኬሚስትሪ ጉባኤ ማለት ጥናቱ ገና ሳይታተም የሚወራበት ቦታ ነው፤ ዋናው ጆርናሉ ነው። በኮምፒዩተር ሳይንስ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ሙሉው ጽሑፍ በገምጋሚዎች ተጣርቶ የሚወጣው በጉባኤው መድብል ነው። ማውጫዎቹ ለረጅም ጊዜ ጆርናልን አስቀድመው ስለቆጠሩ፣ የኮምፒዩተር ሰዎች በዩኒቨርሲቲ ኮሚቴዎች ፊት ሥራቸው ያነሰ ይመስል ነበር። ያንን የረታው ራሱ የሳይቴሽን ቆጠራ መሆኑን መካድ አይገባም። ጂሊን ቼን እና ጆሴፍ ኮንስታን በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሚቀርቡላቸው ጽሑፎች 30 በመቶውን ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ የሚቀበሉ ጉባኤዎች ከዚያው ሙያ ጆርናሎች እኩል ወይም በላይ እንደሚጠቀሱ አሳዩ። ዛሬ በጉግል ስኮላር ዝርዝር ሲቪፒአር የተባለው የኮምፒዩተር እይታ ጉባኤ ከእነ «ኔቸር» ጎን ተሰልፎ ይገኛል። እዚህ ላይ ሚዛኑ ሥራውን ሠርቷል።

እንግዲህ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰላ ቀረብ ብለን እንየው። በ2017 ሎንግ ቢች፣ ካሊፎርኒያ በተካሄደው ኒፕስ (በኋላ ስሙን ኒውሪፕስ ያለው) ጉባኤ ላይ ወደ 680 የሚጠጉ ጽሑፎች ተቀባይነት አግኝተው ነበር። ከነዚህ አንዱ ዛሬ የምንሰማቸው የቋንቋ ሞዴሎች ሁሉ የቆሙበትን «ትራንስፎርመር» ያስተዋወቀው ነው። ያ አንድ ጽሑፍ ከ100,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። አሁን 100,000ን ለ680 አካፍሉት። አንድ ጽሑፍ ብቻውን የጉባኤውን አማካይ ቁጥር ለእያንዳንዱ ተሳታፊ በ147 ከፍ ያደርገዋል። በዚያ ዓመት በዚያ ጉባኤ የተሳተፈ፣ ሥራውን ማንም ዞር ብሎ ያላየው ሰውም ቢሆን በአማካዩ ሀብታም ነው። ቤተሰቡ ውስጥ አንድ ነጋዴ ያለው ሰው እንደሚመካው ማለት ነው።

ይህን ለማስተካከል ጉግል ከ2012 ጀምሮ የሚጠቀመው ኤች-5 የተባለውን ነው። ባለፉት አምስት ዓመታት ከወጡት ጽሑፎች ውስጥ ቢያንስ 50 ጊዜ የተጠቀሱ 50 ጽሑፎች ካሉ፣ 51 ጊዜ የተጠቀሱ 51 ግን ከሌሉ፣ ቁጥሩ 50 ነው። ትራንስፎርመርም እንደ አንድ ጽሑፍ ብቻ ይቆጠራል። ጥሩ መላ ነው። ግን ሌላ ችግር ይዞ መጣ። በአምስት ዓመት ውስጥ 40 ጽሑፍ ብቻ ያወጣ ጉባኤ፣ አርባዎቹም እያንዳንዳቸው ሺህ ጊዜ ቢጠቀሱ፣ ቁጥሩ ከ40 ሊያልፍ አይችልም። በሺህ የሚቆጠር ተራ ጽሑፍ የሚሰበስብ ትልቅ ጉባኤ ይህን ያለ ብዙ ድካም ያልፈዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ስለ ተጽዕኖ የሚናገረውን ያህል ስለ ብዛትም ይናገራል፤ ደረጃ አውጪዎቹ ግን ሁለቱን ለይተው አይነግሩንም።

ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የዚያው የኒፕስ አዘጋጆች በ2014 አንድ ድፍረት የተሞላበት ሙከራ አደረጉ። 166 ጽሑፎችን ለሁለት የማይገናኙ ኮሚቴዎች ሰጡ። አንዱ ኮሚቴ ከተቀበላቸው ከግማሽ በላዩን ሌላው ጣላቸው። ኮሪና ኮርቴስ እና ኒል ሎውረንስ በ2021 ወደ ኋላ ተመልሰው የጽሑፎቹን ዕጣ ሲከታተሉ፣ ተቀባይነት ባገኙት ጽሑፎች ዘንድ ገምጋሚዎች በሰጡት ነጥብና በኋላ ጽሑፉ በተጠቀሰበት ብዛት መካከል ዝምድና አላገኙም። ገምጋሚዎቹ ደካማውን ለይተው መጣል ይችሉ ነበር፤ ከጥሩዎቹ መካከል የትኛው እንደሚነግሥ መተንበይ ግን አልቻሉም። እንግዲህ አንድ ጉባኤ «ብዙ ስለምጠቀስ ምርጫዬ ጥሩ ነው» ቢለን ምን ያህል እንመነው?

ስለ ማጭበርበር ብዙ አልልም፤ አንድ ታሪክ ይበቃል። ሲሪል ላቤ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ በ2010 «አይክ አንትካሬ» የሚባል በሕይወት የሌለ ሊቅ ፈጠረ። ትርጉም የሌለው ጽሑፍ በሚያመርት ፕሮግራም መቶ ያህል «ጥናቶች» አዘጋጀለትና እርስ በርሳቸው እንዲጠቃቀሱ አደረገ። የጉግል ስኮላር ቁጥር ለአንትካሬ 94 የሆነ ኤች-ኢንዴክስ ሰጠው፤ አንስታይንን በለጠ። ቀልድ ነው እንዳንል፣ በዚያው ዓይነት ፕሮግራም የተመረቱ ከ120 በላይ ጽሑፎችን ስፕሪንገርና አይ-ትሪፕል-ኢ በ2014 ከጉባኤ መድብሎቻቸው ለማንሳት ተገደዋል። የከፈለ ሰው ብቻ የሚያነባቸው፣ ገምጋሚ አለን የሚሉ መድብሎች መሆናቸውን አስታውሱ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በ1959 ሮም ላይ ተጀመረ። በ1963 ማንቸስተር፣ በ1966 አዲስ አበባ፣ በ1972 እንደገና ሮም ተሰበሰበ። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ አምስተኛው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ኒስ፣ ግማሹ ሺካጎ ላይ ተደረገ፤ ስደታችን ጉባኤውንም አልማረውም። ከዚያ ቴል አቪቭ፣ ሉንድ፣ ሞስኮ፣ ፓሪስ፣ ኪዮቶ፣ ሃምቡርግ፣ ትሮንድሃይም፣ ድሬዳዋ፣ ዋርሶ፣ መቀሌ፣ በየመሃሉም አዲስ አበባ እያለ በ2022 ሀያ አንደኛው ላይ ደረሰ። አሥራ አንደኛው አዲስ አበባ የተካሄደው በሚያዝያ 1991 ነው፤ ደርግ ሊወድቅ የሳምንታት ዕድሜ ሲቀረው ሰዎች ስለ አክሱምና ስለ ግብርና ጥናት እያነበቡ ነበር።

ስድሳ ዓመት ያለፈው ጉባኤ ነው። የትኛው የደረጃ ዝርዝር ውስጥ አለ? የጉግልን ዝርዝር ውሰዱ። ጉባኤዎችን የሚያካትተው ከምህንድስናና ከኮምፒዩተር ሳይንስ ብቻ መርጦ ነው፤ በዚያ ላይ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ100 ያነሰ ጽሑፍ ያወጣውን አያስገባም። በየሦስት ዓመቱ ገደማ የሚሰበሰብ የታሪክና የቋንቋ ጉባኤ በዚህ ደንብ ቀድሞ ወድቋል። ነጠላ ጽሑፎቹን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ ጉባኤው ግን ዜሮ እንኳ የለውም፤ መስመሩ ራሱ የለም።

ለምን? ለቆጣሪ ማሽን «ጉባኤ» ማለት ተመሳሳይ ስም ይዞ ተከታታይ ሆኖ የሚወጣ መድብል ነው። የእኛው ግን በሄደበት ሁሉ ሌላ ልብስ ለብሷል። የሮሙን የሊንቼይ አካዳሚ አሳተመው። የማንቸስተሩ በአንድ የሴማዊ ጥናት ጆርናል ውስጥ ወጣ። የ1966ቱን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሦስት ቅጽ፣ የሞስኮውን ናውካ በስድስት ቅጽ፣ የኪዮቶውን አንድ የጃፓን አሳታሚ በሦስት ቅጽ አወጡት፤ የኪዮቶው ደግሞ የራሱ የሆነ የመጽሐፍ ርእስ አለው። ለሰው ዓይን አንድ ተከታታይ ሥራ ነው። ለማሽኑ የማይተዋወቁ መጻሕፍት ናቸው።

ጊዜውም አይገጥምም። ኢምፓክት ፋክተር የሚመለከተው ባለፉት ሁለት ዓመታት የታተመውን ነው። በ1980 ቴል አቪቭ ላይ የተነበቡት ጽሑፎች መጽሐፍ ሆነው የወጡት በ1986 ነው፤ የ1988ቱ የፓሪስ ጉባኤ መድብል በ1994። በዚያ ስድስት ዓመት ውስጥ ጽሑፉ በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር፣ የተጠቀመበት ሰው «በእንዲህ ያለው ጉባኤ ላይ የቀረበ» ብሎ ይጠቅሰዋል። ያንን ጥቅስ በኋላ ከታተመው መጽሐፍ ጋር የሚያገናኝ ማንም የለም። ጠቃሾቹስ የት ናቸው? መጻሕፍት ውስጥ፣ በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ በተጻፉ ጥናቶች፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በታይፕ በተመቱ የማስተርስ ጥናቶች፣ በአማርኛ በተጻፉ የታሪክ መጻሕፍት የግርጌ ማስታወሻዎች። በመጻሕፍት ውስጥ ያለን ጥቅስ የሚመዘግብ ራሱን የቻለ ማውጫ ከትልቁ ቋት ጋር የተቀላቀለው ገና በ2011 ነው። ይሄ ነው የተዘጋው ቫልቭ።

ከዚህም የባሰው የስማችን ነገር ነው። እኔ ራሴ በአንድ ቋት ውስጥ ሦስት ሰው ሆኜ አገኘሁት። አንዱ በእኔ ስም፣ አንዱ በአባቴ፣ አንዱ በአያቴ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መሬት ሲያርስ የኖረ ሰው ነው፤ በዚያ ቋት ግን ስለ ቧንቧ ፍሰት ሁለት ጥናት አሳትሟል። ሦስታችንን አንድ ለማድረግ ወራት ፈጀብኝ። የእኔስ ይሁን። «ታደሰ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ጻፉት። ዲ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ኤስ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ፤ አራት አጻጻፍ። የአባት ስም ከኋላ ወይም እንደ ፈረንጅ ልማድ ከፊት፤ ስምንት። ሙሉ ስም ወይም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ፤ አሥራ ስድስት። ይህ የሐሳብ ጨዋታ አይደለም። ታላቁ የታሪክ ሊቅ ታደሰ ታምራት ዲውንም ኤሱንም ይደግማሉ፤ የስምንተኛውን ጉባኤ መድብል ያዘጋጁት ታደሰ በየነ ዲውን ደግመው ኤሱን አንድ ያደርጋሉ። የታደሰ ታምራትን በ1972 የታተመ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ የሚጠቅሱ የኢትዮጵያ ጥናት ሰዎች «ታደሰ» ብለው ይጠቅሷቸዋል፤ ሌሎች «ታምራት» ይላሉ። ማሽኑ ሁለት ደራሲ አድርጎ ለሁለት ይከፍላቸዋል። ኤች-ኢንዴክስ ደግሞ ተካፍሎ ተመልሶ የሚደመር ቁጥር አይደለም፤ ሲከፈል ይሞታል።

ይህን ሁሉ ብዬ ጥፋቱን ለፈረንጅ ማሽን ብቻ ብሰጥ ሐሰተኛ እሆናለሁ። በእነዚያ መድብሎች ውስጥ ያልተጠቀሱት ሁሉ ተበድለው አይደለም። በቸኮለ እጅ የተጻፉ፣ ካለፈው ጉባኤ ጽሑፍ ርእሱ ብቻ የተቀየረ፣ ማስረጃ የሌላቸው አሉ፤ አንብቤያለሁ። ለምን መጠቀስ ነበረባቸው? መድብል ስድስት ዓመት ሲዘገይስ ጥፋቱ የማን ነው? በአንድ ቅጽ ውስጥ አንድ ሰው በሁለት አጻጻፍ ሲወጣ ያንን ያላረመው አርታኢ እንጂ ጉግል አይደለም። ቫልቩን ከውስጥ የዘጋነው እኛም ነን።

መክፈቻው ደግሞ ውድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ቋሚ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ዲ.ኦ.አይ. መስጠት ይቻላል፤ ጄኔቭ የሚገኘው የሰርን ቤተ ሙከራ የሚያስተዳድረው ዜኖዶ የተባለ ማኅደር ከ2013 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ኦርኪድ የተባለው ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ ቁጥር የእነ ታደሰን ጣጣ ያቃልላል፤ ስማችሁ በፈለገው መንገድ ይጻፍ፣ ቁጥሩ አንድ ነው። የትሮንድሃይም አዘጋጆች የ2007ቱን ጉባኤ አራት ቅጾች በኢንተርኔት ለማንም በነጻ ለቀዋቸዋል። እያንዳንዱ ጉባኤ ርእሱን እንደፈለገ ያውጣ፤ ግን ከሥሩ አንድ የማይለወጥ የተከታታይ ስም ይኑረው። እዚህ በውጭ ያለን፣ ኮምፒዩተር የምንነካ ሰዎች የቆዩትን መድብሎች ዝርዝር በእነዚህ ቁጥሮች መመዝገብ እንችላለን፤ የቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ያ ከተደረገ በኋላ ቁጠሩን። በሁለት ዓመት ሳይሆን በሀያ ዓመት መስኮት ቁጠሩን፤ ከኮምፒዩተር ጉባኤ ጋር ሳይሆን ከሌሎች አገሮች የታሪክና የቋንቋ ጉባኤዎች ጋር አወዳድሩን። ያን ጊዜ ቁጥሩ ቢያሳፍረን እቀበለዋለሁ።

ለወጣቱ መምህር ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። መጨረሻ ላይ «ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ኮሚቴው ግን የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ዓመት ነው» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ዶላሩን ከየትም ከየትም ብሎ ፈልጎ ከፈለ። ሆቴሉ ውስጥ የተመደበለት አሥር ደቂቃ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ስለ ግዕዝ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ የቀረበለት ጥያቄ አንድ ሲሆን እሱም «ይህ ፊደል ስንት ሆሄ አለው?» የሚል ነው። ዕድገቱን አገኘ፤ ደስ ብሎኛል። ባለፈው ወር ጽሑፉን ቋቱ ውስጥ ፈልጌ አየሁት። ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል። ሁለቱንም ጊዜ የጠቀሰው ራሱ ነው፤ አንደኛው በአባቱ ስም ተመዝግቧል።